በሐዋሳ አሸዋማ አፈር ላይ የቀጭን ፓይል የመሸከም አቅም፦ ሁለት ስሌቶች ለምን ይህን ያህል ተራራቁ?

ጥያቄ፦ ከመዋቅር መሐንዲስ፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ባለሙያዎች። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በሚገኝ ባለ ሦስት ወለል ሕንፃ ላይ አንድ ወለል ለመጨመር ታስቧል። ነባሮቹ መሠረቶች ተጨማሪውን ጭነት ብቻቸውን ስለማይችሉ በየምሰሶው ዙሪያ ማይክሮ ፓይል (ወደ አፈር ጠልቆ የሚገባ ቀጭን የመሠረት ምሰሶ) በመትከል ለማጠናከር ንድፍ እያዘጋጀሁ ነው። ፓይሉ 150 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 11 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ተቆፍሮ ግራውት (የሲሚንቶና የውሃ ቅልቅል) የሚሞላ፣ መሐሉ ላይ አንድ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፌሮ የሚገባበት ነው። ከምድር ቤቱ ጣሪያ ዝቅተኛነት የተነሣ ከዚህ የሚበልጥ ማሽን ማስገባት አይቻልም።

የአፈር ምርመራው እስከ 15 ሜትር የደረሰ ሲሆን፣ የላይኛው 2 ሜትር ሙሌት ነው። ከ2 እስከ 11 ሜትር ደለል የተቀላቀለበት፣ ከልል እስከ መካከለኛ እፍግታ ያለው አሸዋ ሲሆን የኤስፒቲ ቁጥሩ (መለኪያው ወደ አፈር እንዲገባ የሚያስፈልገው የምት ብዛት) ከ10 እስከ 18 ነው። ከ11 ሜትር በታች ቁጥሩ ከ30 በላይ ይሆናል። የከርሰ ምድር ውሃው በ5 ሜትር ላይ ተገኝቷል።

በመጀመሪያ አቅሙን ያሰላሁት በተለመደው መንገድ፣ ማለትም የአፈሩን ውጤታማ ግፊት (የውሃው ግፊት ተቀንሶ የሚቀረውን) በጎን ግፊት ምጥጥንና በሰበቃ መጠን በማባዛት ነው። ከ2 እስከ 11 ሜትር ያለው አማካይ ውጤታማ ቀጥተኛ ግፊት 86 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። የጎን ግፊት ምጥጥኑን 0.7፣ የሰበቃ ማዕዘኑን 32 ዲግሪ ብወስድ የጎን ሰበቃው ወደ 38 ኪሎ ፓስካል፣ የአንዱ ፓይል አጠቃላይ የጎን አቅም ደግሞ ወደ 160 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ሥራ ተቋራጩ ግን የአሜሪካ ፌዴራል ሀይዌይ አስተዳደር በ2005 እ.ኤ.አ. ካወጣው የማይክሮ ፓይል መመሪያ ላይ 100 ኪሎ ፓስካል የጎን ሰበቃ ወስዶ 424 ኪሎ ኒውተን አገኘ። በእኔ ስሌት የሚያስፈልገው የፓይል ብዛት በእሱ ስሌት ከሚያስፈልገው ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የሕንፃው ባለቤት የትኛውን እንደሚያምን ግራ ገብቶታል። ከሁለቱ ስሌቶች የትኛው ነው ወደ እውነቱ የሚጠጋው? ልዩነቱስ ከምን ይመነጫል?

መልስ፦ ከጂኦቴክኒክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ ኢንጂነር። ሁለቱም ስሌቶች በየራሳቸው መንገድ ትክክል ናቸው፤ የተራራቁት ስለ ተለያየ ክስተት ስለሚናገሩ ነው። የእርስዎ ስሌት ፓይሉ ከመጫኑ በፊት አሸዋው በፓይሉ ጎን ላይ የሚያሳድረውን ግፊት ይዞ ያቆማል። በቀጭን ፓይል ላይ ግን የአቅሙ ትልቁ ክፍል የሚወለደው ፓይሉ መጫን ከጀመረ በኋላ ነው።

አሸዋ በሸካራ ገጽ ላይ ሲንሸራተት ቅንጣቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ለመውጣት ስለሚገደዱ፣ ከፓይሉ ጎን ያለው ስስ የአሸዋ ንጣፍ ወደ ውጭ ለመስፋት ይሞክራል። በዙሪያው ያለው አፈር ደግሞ ይህን መስፋት ስለሚቃወም በፓይሉ ጎን ላይ ያለው ግፊት ይጨምራል። የጭማሪው መጠን ሲሰላ የአፈሩ የሺር ሞዱለስ (አፈሩ ቅርጹ እንዳይጣመም ያለው ግትርነት) በ4 እና ንጣፉ በሚሰፋበት መጠን ተባዝቶ ለፓይሉ ዲያሜትር ይካፈላል። ዲያሜትሩ በአካፋዩ ቦታ መግባቱን ልብ ይበሉ። ሞዱለሱ 10 ሜጋ ፓስካል፣ የመስፋቱ መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ600 ሚሊ ሜትር ፓይል ላይ ጭማሪው 33 ኪሎ ፓስካል ብቻ ሲሆን በእርስዎ 150 ሚሊ ሜትር ፓይል ላይ ግን 133 ኪሎ ፓስካል ይደርሳል። ይህን በ32 ዲግሪ የሰበቃ ማዕዘን ሲያሰሉት 83 ኪሎ ፓስካል ተጨማሪ የጎን ሰበቃ ነው። በእርስዎ 38 ላይ ቢደመር 121 ይሆናል፤ የተቋራጩ 100 ከየት እንደ መጣ የሚገባን እዚህ ላይ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ሌሄን፣ ጃርዲንና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ላቤን በሚባል የባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ 102 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ጎኑ ላይ የግፊት መለኪያ የተገጠመለት የብረት ፓይል በጃክ ገፍተው ያገኙትን ውጤት አሳትመዋል። ፓይሉ ሲጫን በጎኑ ላይ ያለው ግፊት እያደገ እንደሚሄድ በቀጥታ የታየው በዚህ ዓይነት ልኬት ነው። በሌላ በኩል፣ የፓይሉ ጫፍ እየጠለቀ በሄደ መጠን ቀድሞ በታለፈው ጥልቀት ላይ የሚቀረው ግፊት እየቀነሰ መሄዱም በዚያው ታይቷል። ይህ ሁለተኛው ነገር የሚመለከተው ተመትተው ወይም ተገፍተው የሚገቡ ፓይሎችን በመሆኑ የእርስዎን የተቆፈረ ፓይል እምብዛም አይነካውም።

ነገር ግን ከላይ የሰጠሁት ቁጥር በሁለት ግምቶች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሚሊ ሜትር የመስፋት መጠን ነው። ሸካራ የግራውት ገጽ በመካከለኛ ወይም ጥቅጥቅ ባለ አሸዋ ውስጥ ይህን ሊያስገኝ ይችላል፤ ልል አሸዋ ግን ሲንሸራተት በመስፋት ፋንታ ሊጨመቅ ስለሚችል ጭማሪው ወደ ባዶ ይወርዳል፣ አልፎ ተርፎም ይቀንሳል። ሁለተኛው የሺር ሞዱለሱ ነው፤ አፈሩ ቅርጹን በለወጠ ቁጥር ይህ መጠን በእጅጉ ይወርዳል። ስለዚህ የፓይልዎ አቅም ከላይ በተጫነው የአፈር ክብደት ላይ ከመመሥረቱ ይልቅ፣ አሸዋው ለመስፋት ባለው አቅምና ይህን አቅም ቁፋሮው ጠብቆ በማቆየቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

የመመሪያውን ሰንጠረዥ በተመለከተ፣ ለልልና መካከለኛ ደቃቅ አሸዋ ዓይነት ኤ ለተባለው፣ ግራውቱ በራሱ ክብደት ብቻ ለሚፈስበት ፓይል ከ70 እስከ 145 ኪሎ ፓስካል ይሰጣል። ኬሲንጉ (ጉድጓዱ እንዳይፈርስ የሚይዘው የብረት ቱቦ) እየተነሣ ግራውቱ በግፊት ለሚገባበት ዓይነት ቢ ከ70 እስከ 190፣ ከጠነከረ በኋላ በተመረጡ ቦታዎች ደጋግሞ በከፍተኛ ግፊት ለሚረጭበት ዓይነት ዲ ደግሞ ከ95 እስከ 240 ነው። እነዚህ የመጨረሻ አቅም እሴቶች እንጂ የሚፈቀዱ ጭነቶች አይደሉም፤ ስለዚህ ተቋራጩ 424 ኪሎ ኒውተን ሲል የደኅንነት ማካፈያውን አስገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ። የፓይሉንም ዓይነት በግልጽ ያስጽፉ።

የጫፍ አቅምን በጭራሽ አይቁጠሩ። የ150 ሚሊ ሜትር ፓይል ጫፍ ስፋት 0.0177 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በተቆፈረ ጉድጓድ ግርጌ ልል አሸዋ ስለሚቀርም ጫፉ እስኪሠራ ድረስ ሕንፃው ከሚፈቀደው በላይ ይሰምጣል።

መልስ፦ ከቁፋሮ ባለሙያ፣ አዳማ

ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፤ እኔ የምጨምረው ከጉድጓዱ በኩል የሚታየውን ነው።

በስምጥ ሸለቆ አሸዋ ውስጥ ከውሃው ደረጃ በታች በአየር ብቻ መቆፈር የፓይሉን አቅም በራስ እጅ ማጥፋት ነው። አየሩ በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሲያወጣው ከውጭ ያለው ውሃ አሸዋውን እያግተለተለ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በዙሪያው ያለውም አፈር ይላላል። እዚያ ላይ የቆመው ነባር መሠረት ደግሞ ሥራው ሳያልቅ ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ኬሲንጉ ምን ጊዜም ከመቆፈሪያው እኩል ወይም ቀድሞ መሄድ አለበት። በኬሲንጉ ውስጥ ያለው ውሃም ከከርሰ ምድር ውሃው ደረጃ ከፍ ብሎ እንዲቆይ ያስፈልጋል፤ ዘንጉ ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ይህን ማረጋገጥ ከሁሉ ይበልጣል፣ አሸዋው የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነውና።

ግራውቱን በተመለከተ የውሃና የሲሚንቶ ምጥጥኑ በክብደት ከ0.40 እስከ 0.50 ባለው ውስጥ ይሁን። ለማፍሰስ እንዲመች ውሃ መጨመር የተለመደ ነገር ሆኗል፤ በአሸዋ ውስጥ ግን ትርፉ ውሃ ሲጣራ ግራውቱ ይኮማተራል፣ ከፌሮውም ከአሸዋውም ጋር ያለው ትስስር ይደክማል። ለአንድ ፓይል በስሌት የሚበቃው ግራውት 194 ሊትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ፓይል የገባውን መጠንና በየሜትሩ የተነበበውን ግፊት የሚመዘግብ ሰው ከማሽኑ አጠገብ ይቁም። የገባው መጠን ከ194 ሊትር እምብዛም ካልበለጠ የተባለው ግፊት ወደ አፈሩ አልደረሰም ማለት ነው። በሌላ በኩል ግራውቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢገባ እንደ ጥሩ ምልክት አትውሰዱት፤ ወደ አንድ ልል ንጣፍ ወይም ወደ አሮጌ የውሃ መስመር ብቻ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ግፊቱም በልል አፈር ውስጥ እንደ መነሻ የሚወሰደው በየሜትሩ ጥልቀት 20 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። በ11 ሜትር ላይ 220 ይሆናል፣ በ3 ሜትር ላይ ግን 60 ብቻ። ተቋራጩ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ከፍተኛ ግፊት እጠቀማለሁ ካለ በላይኞቹ ሜትሮች ላይ መሠረቱንና ወለሉን ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ተቋራጩን ጠይቄ የተረዳሁት ዓይነት ቢ መሆኑንና 424 ኪሎ ኒውተን የተባለው የመጨረሻው አቅም መሆኑን ነው። አንድ ሳልገልጸው የቀረ ነገር አለ፦ በአሸዋው ውስጥ ነጣ ያሉ፣ ቀላል የሆኑና በጣት ሲጫኑ የሚደቁ ቅንጣቶች በብዛት አሉ። ላቦራቶሪው ፓሚስ ብሎ መዝግቧቸዋል። ይህ ስሌቱን ይለውጣል?

መልስ፦ ከአፈር ምርምር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

አዎ፣ ይለውጣል፤ በእኔ እምነት የጥያቄው ዋና ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ፓሚስ በእሳተ ገሞራ ጊዜ ጋዝ ከያዘ ቅላጭ የሚፈጠር፣ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ቅንጣት ነው። ቅንጣቱ ሸካራና ማዕዘናማ ስለሆነ የሰበቃ ማዕዘኑ ከፍተኛ ሆኖ ይለካል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይታለላል። ባልደረባችን እንዳስረዱት ግን የቀጭን ፓይል አቅም የሚመጣው ከማዕዘኑ ብቻ ሳይሆን አሸዋው ለመስፋት ካለው አቅም ነው። የሚደቅ ቅንጣት ግን አንዱ በሌላው ላይ ከመውጣት ይልቅ ይሰበራል፣ ንጣፉም ከመስፋት ይልቅ ይጨመቃል። ያን ጊዜ በዲያሜትር የሚካፈለው ያ ትልቅ ጭማሪ ይጠፋል።

ሁለተኛው ችግር የምርመራው ቁጥር ራሱ ነው። የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች በፓሚስ አሸዋ ላይ ባደረጉት ሙከራ የኮን መግፊያው (ሹል ዘንግ ወደ አፈር ተገፍቶ ተቃውሞው የሚለካበት መሣሪያ) ንባብ አሸዋው ልልም ሆነ ጥቅጥቅ ብዙ እንደማይለያይ አሳይተዋል፤ ቅንጣቶቹ ከኮኑ ፊት ስለሚደቁ እፍግታው አይነበብም። ኤስፒቲም በተመሳሳይ መንገድ ሊያሳስት ይችላል። የእርስዎ 10 እና 18 ቁጥሮች ስለ እፍግታው ብዙም ላይነግሩን ይችላሉ፤ የመመሪያው ሰንጠረዥም ለሚደቅ አሸዋ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም።

በሚደቅ አሸዋ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ባሕር ላይ ለኖርዝ ራንኪን ኤ የጋዝ መድረክ የተመቱትን ፓይሎች ማስታወስ ይበቃል። አሸዋው ከዛጎልና ከኮራል ስባሪ የተሠራ፣ በቀላሉ የሚደቅ ነበር፤ በአሸዋ ውስጥ ይገኛል የተባለው የጎን ሰበቃ ስላልተገኘ ፓይሎቹ ብዙ ሜትር በራሳቸው ክብደት ወረዱ፣ መሠረቱንም ለማጠናከር ብዙ ወጪ ወጣ። ከዚያ ልምድ የተገኘው ሌላው ትምህርት ግን ለእርስዎ መልካም ዜና ነው፦ በዚያው ዓይነት አሸዋ ተቆፍረው ግራውት የሚሞሉ ፓይሎች ከተመቱት እጅግ የተሻለ የጎን ሰበቃ ይሰጣሉ፤ ቁፋሮ ቅንጣቶቹን እንደ ምት አያደቅም፣ ግራውቱም ከአፈሩ ጋር ይቆላለፋል። ስለዚህ የመረጡት የፓይል ዓይነት ትክክል ነው፤ መገመት የማይቻለው ቁጥሩ ነው። ያለ ጭነት ሙከራ ከ38 በላይ እንዲወስዱ አልመክርም፤ አሸዋው ከተጨመቀ 38ቱም ዋስትና የለውም።

ጥያቄ፦ ከድኅረ ምረቃ ተማሪ

በዚሁ ርዕስ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፌ በአሸዋ የተሞላ ሣጥን ውስጥ 30 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ፓይል ሙከራ ለማድረግ አስቤያለሁ። ውጤቱ ለ150 ሚሊ ሜትር ፓይል ይሠራል?

መልስ፦ ከጂኦቴክኒክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ

በቀጥታ አይሠራም። በ30 ሚሊ ሜትር ፓይል ላይ ከመስፋት የሚመጣው ጭማሪ በተመሳሳይ አሸዋና በተመሳሳይ ሞዱለስ በ150 ሚሊ ሜትር ላይ ካለው አምስት እጥፍ ስለሆነ፣ የሚለኩት ሰበቃ ከእውነተኛው በእጅጉ የበለጠ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዲያሜትሮችን ቢሞክሩና ለውጡን ቢያሳዩ ጽሑፍዎ ጥሩ ይዘት ይኖረዋል። የሚሸራተተው የአሸዋ ንጣፍ ውፍረት ከመካከለኛው የቅንጣት መጠን ወደ አሥር እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የአሸዋውን የቅንጣት መጠን ከፓይሉ ዲያሜትር ጋር አያይዘው ይመዝግቡ።

መልስ፦ ከሙከራና ቁጥጥር መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

ኢንጂነር፣ ስለ ጭነት ሙከራው በዝርዝር ልጻፍ፤ ገንዘቡም ጊዜውም የሚባክነው ወይም የሚተርፈው እዚህ ላይ ነው።

ለሙከራ ብቻ የሚሆን፣ የሕንፃው አካል የማይሆን ፓይል ከሕንፃው ውጭ በተመሳሳይ አፈር ላይ ይተከል። የሚፈለገው እስከ ሥራ ጭነቱ ድረስ ጭኖ አልወደቀም ብሎ መመለስ ሳይሆን እስኪወድቅ ድረስ መጫን ነው፤ ክርክሩ በ160 እና በ424 መካከል እስከሆነ ድረስ ጃኩና መደገፊያው ቢያንስ 500 ኪሎ ኒውተን የሚችል ይሁን። የነባሩን ሕንፃ መሠረት እንደ መደገፊያ መጠቀም በፍጹም አይገባም። ወደ ታች ለመጫን መደገፊያ ማዘጋጀት ካስቸገረ ወደ ላይ በመንቀል መሞከር ርካሽ ነው። በአሸዋ ውስጥ ሲነቀል የሚገኘው የጎን ሰበቃ ሲጫን ከሚገኘው በ20 በመቶ ገደማ ሊያንስ ስለሚችል ውጤቱ ወደ ጥንቃቄ ያደላል። ፌሮው ግን ለ500 ኪሎ ኒውተን መብቃቱን አስቀድመው ያስሉ፤ 40 ሚሊ ሜትር ፌሮ ላይ 400 ሜጋ ፓስካል ይመጣል።

ንባቡን ሲተረጉሙ የፓይሉን የራሱን መለጠጥና ማጠር ይለዩ። በ300 ኪሎ ኒውተን ጭነት ሥር ግራውቱ ሳይሰነጠቅ ፓይሉ በራሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ያጥራል። ይህን ለይተው ካልቀነሱ ፓይሉ ሰመጠ ይላሉ፤ አፈሩ ግን ገና ምንም አልሆነም። በፌሮው ላይ በሦስት ወይም በአራት ጥልቀቶች የውጥረት መለኪያ ቢለጠፍ በየትኛው ንጣፍ ውስጥ ስንት ኪሎ ፓስካል እንደተገኘ በቀጥታ ይታያል፤ የፓሚሱ ንጣፍ የቱ እንደሆነም ያን ጊዜ ይታወቃል።

በአገራችን ደረጃ፣ ማለትም የጂኦቴክኒክ ንድፍን በሚመለከተው ኢኤስ ኢኤን 1997 መሠረት፣ አንድ የጭነት ሙከራ ብቻ ከተደረገ ውጤቱ ለ1.4 ይካፈላል። ሁለት ከሆኑ አማካዩ ለ1.3፣ ዝቅተኛው ለ1.2 ተካፍሎ ትንሹ ይወሰዳል፤ ከዚህ በኋላ የአቅም ማካፈያዎቹ ይመጣሉ። ሁለተኛው ሙከራ የሚያተርፈው የፓይል ብዛት ከሙከራው ዋጋ ጋር ቢነጻጸር ለባለቤቱ የሚያዋጣ ይመስለኛል።

ሌላው ነገር ነባሩ መሠረት ዛሬም ጭነቱን ተሸክሞ መቆሙ ነው። አዲሶቹ ፓይሎች ሕንፃው ጥቂት ሚሊ ሜትር እስኪሰምጥ ድረስ ምንም አይሸከሙም። ስንጥቅ የሚያሰጋ ከሆነ ፓይሎቹን ከመሠረቱ ጋር ከማያያዝ በፊት በጃክ ቀድሞ መጫን ይቻላል።

መልስ፦ ከርዕደ መሬት መሐንዲስነት ባለሙያ

እስካሁን ያልተነሣውን ጉዳይ ላንሣ። ሐዋሳ ርዕደ መሬት በሚያሰጋው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ውስጥ ናት፤ አሸዋው ደግሞ ከ5 ሜትር በታች በውሃ የተሞላና ልል ነው። ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው፣ የዲያሜትር ትንሽነት የሚሰጠው ጥቅም ተገላቢጦሽ አለው። አሸዋው በተደጋጋሚ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀሳቀስ ንጣፉ በየዙሩ ጥቂት በጥቂት ይጨመቃል። ቀጭን ፓይል ሲሰፋ ግፊቱን በብዙ እንደሚያሳድገው ሁሉ ሲጨመቅም በብዙ ይጥለዋል። ስለዚህ በሙከራው ላይ ከመውደቁ በፊት ጭነቱ በሥራ ደረጃ አካባቢ ደጋግሞ ከፍና ዝቅ እንዲል ይጠይቁ፤ ፓይሉ በየዙሩ መስመጡን ከቀጠለ ፓሚሱ እየደቀቀ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ በርዕደ መሬት ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሜትር ያለው አሸዋ እንደ ፈሳሽ ቢሆን ፓይሉ በ3 ሜትር ርዝመት ላይ ያለ ጎን ድጋፍ ይቀራል። ግራውቱ ተሰንጥቆ 40 ሚሊ ሜትሩ ፌሮ ብቻውን ቢቀር፣ ሁለቱ ጫፎች እንደ ማጠፊያ ቢሆኑ የመጉበጫ ጭነቱ 28 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ ጫፎቹ ፈጽሞ የማይዞሩ ቢሆኑ እንኳ ከ110 አይበልጥም። ይህ ከማንኛውም ስሌት ያነሰ ነው። በምትኩ 139.7 ሚሊ ሜትር ዲያሜትርና 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ቱቦ ከላይ እስከ 9 ሜትር ድረስ በቋሚነት ቢቀር፣ በማጠፊያ ጫፎችም ቢሆን የመጉበጫ ጭነቱ ከ1500 ኪሎ ኒውተን በላይ ይሆናል።

ቱቦው በቀረበት ርዝመት ግን ግራውቱ ከአሸዋው ጋር በግፊት ስለማይቆላለፍ የጎን ሰበቃው ከ9 ሜትር በታች መፈለግ አለበት። ያ ማለት ፓይሉ ከ11 ሜትር በታች ወዳለው፣ የኤስፒቲ ቁጥሩ ከ30 በላይ ወደሆነው ንጣፍ ገብቶ እስከ 15 ሜትር ገደማ መውረድ ይኖርበታል። ምርመራው ደግሞ ከፓይሉ ጫፍ በታች ቢያንስ 5 ሜትር እንዲደርስ ደረጃው ስለሚጠይቅ፣ 15 ሜትር ላይ የቆመው ጉድጓድ አይበቃም። ለሙከራው ፓይል ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ጉድጓድ እስከ 20 ሜትር ያስቆፍሩ፤ ከ11 ሜትር በታች ከሚወጣው ናሙናም የፓሚሱ መጠን ተለይቶ ይለካ።